ከስትሮክ በኋላ፦ የአረጋውያን ማገገም ከሆስፒታል እስከ ደጃፍ

ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ከሆስፒታል ሲወጡ ቤተሰብ ሐኪሙን የሚጠይቀው «ይድናሉ ወይ?» ብሎ ነው። የተለመደው መልስ «ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋቸዋል» የሚል ነው። ጥያቄው ስለ ውጤት፣ መልሱ ስለ ሥራ ነው። ሥራውን ማን ይሠራዋል፣ የት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ የሚለው ሳይነሳ ይቀርና ታማሚው በኮንትራት ታክሲ ተደግፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን ሳይነሳ የሚቀረውን ጉዳይ ነው። መነሻው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስና አካባቢው ነው። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ፍልውሃ፣ የቂርቆስና የዑራኤል አብያተ ክርስቲያናት እዚሁ ዙሪያ ናቸው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የቀበሌ ቤት ከባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል አጥር ሥር ለዓመታት የኖረውም እዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ለመልሶ ማልማትና ለኮሪደር ሥራ ፈርሶ አብዛኛው ነዋሪ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውሯል። ስለ ማገገም ከሚነሱት ክርክሮች እዚህ የማይገኝ ጥቂት ነው።

ከቤተ መንግሥት የሚጀምር ታሪክ

የአገራችን በጣም የታወቁት የስትሮክ ታማሚ አጼ ምኒልክ ናቸው። ጤናቸው መታወክ የጀመረው ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመታቸው ከባድ ስትሮክ አካላቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ዘጋው። ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ኖረዋል። የደብረ ሊባኖስ ጸበል ተሞክሯል፤ የውጭ ሐኪሞች ተፈራርቀዋል፤ ጀርመናዊው ዶክተር ሽታይንኩለር ንጉሡ ተመርዘዋል ብሎ የቤተ መንግሥቱን ፖለቲካ አናውጦ ነበር። ያ ሁሉ ሐኪም የተሰለፈው ሕመሙን ለማወቅና ሞትን ለማዘግየት ነው። የተያዘ እጅን፣ የጠፋ ንግግርን እንደገና ማሠልጠን የሚባለው ሙያ በዓለምም ገና አልተደራጀም ነበር፤ የተስፋፋው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች በኋላ ነው። እቴጌ ጣይቱ የአልጋው ጠባቂ ሆነው ቆዩ፤ አልጋ ጠባቂነታቸውም ሥልጣን ጠባቂነት ነው ተብሎ ተከሰሱበት። አስታማሚነትና ጥርጣሬ አብረው መሄዳቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነው። ጥር 1965 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ከባድ ስትሮክ መታቸውና ለሕክምና ወደ አውሮፓ ተወሰዱ። በተከታዩ ዓመት አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጃቸውን ዘርአ ያዕቆብን በተተኪነት መሰየማቸው አገሪቱ ስለ ስትሮክ የነበራትን ግምት ያሳያል፤ ስትሮክ የመታው ሰው እንዳበቃለት ይቆጠር ነበር። አልጋ ወራሹ ግን የአካል ጉዳቱ ሳይለቃቸው ሌላ 24 ዓመት ኖረው በጥር 1989 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ከስትሮክ መትረፍና ከስትሮክ ማገገም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ዘመን ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሆን ይችላል።

በአገር ውስጥ የተሐድሶ ሕክምና የተገነባው ለሌላ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ማዕከል ነበር፤ ቼሻየር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ይዞ ተነሳ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የደገፈው የሰው ሠራሽ አካል ሥራ የጦርነት ቁስለኞችን ታሳቢ ያደረገ ነው። ክራንችና ሰው ሠራሽ እግር መሥራት የተቻለው በዚህ ጥረት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የታነጸው እግሩ ለተቆረጠ ወጣት እንጂ እግሩ እያለ ለማይታዘዘው አረጋዊ አልነበረም። የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ዕለታዊ ኑሮን መልሶ የሚያስለምደው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሙያ ደግሞ እዚያው ጎንደር ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ገና በቅርቡ የተተከለ ነው።

ምን ማለት ነው ማገገም?

ስትሮክ ስንል ሁለት ነገር እንጠራለን። አንደኛው የአንጎል የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ነው፤ ሁለተኛው ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። በሀብታም አገሮች ከመቶው 85 ያህሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች ሲደመሩ ግን ሁለቱ ወደ እኩል ይጠጋሉ፤ የመፍሰሱ ድርሻ ወደ ግማሽ ይደርሳል። ዋናው ምክንያት ያልታከመ ደም ግፊት ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 16 በመቶ ገደማ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሲሆን፣ አብዛኛው ሕክምና ላይ አልነበረም።

ልዩነቱ ለተሐድሶም ትርጉም አለው። ደም የፈሰሰበት ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ካለፈ ብዙ ጊዜ የተሻለ መመለስ ያሳያል፤ የፈሰሰው ደም ሲመጠጥ የተጨመቀው የአንጎል ክፍል ይተነፍሳልና። የደም ሥሩ ለተደፈነበት ደግሞ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ሲቲ ስካን ፈልጎ፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ተልኮ ያችን ሰዓት የሚያገኝ የአዲስ አበባ ታማሚ ጥቂት ነው። ያመለጠው የመጀመሪያ ሕክምና ሸክሙን ሁሉ በኋለኛው ሕክምና ላይ ይጥለዋል።

ሌላው፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ልዩነት መመለስና መላመድ ነው። ቀኝ እጁ የተያዘ ሰው ጣቶቹ ተመልሰው እንጀራ ቢቆርሱ፣ ይህ መመለስ ነው። በግራ እጁ መጉረስን ቢለምድ፣ ይህ መላመድ ነው። የሕክምና ቅጾች ሁለቱንም «ራሱን ችሎ ይመገባል» ብለው በአንድ ነጥብ ይመዘግባሉ። በአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። በግራ እጅ ወደ ማዕድ መቅረብ የሚያሳፍራቸው አዛውንት ለብቻቸው በሳህን እንዲቀርብላቸው ይጠይቃሉ፤ ወይም ልጅ ያጎርሳቸዋል። ጉርሻ የፍቅር ነገር መሆኑ ቀርቶ የዕለት ተዕለት ጥገኝነት ይሆናል።

ዕድሜስ? «ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜ» የሚለው አነጋገር ከቤተሰብም ከባለሙያም አፍ ይሰማል። በኮፐንሃገን ከአንድ ሺህ በላይ ታማሚዎችን የተከታተለው ጥናት የደረሰበት ነገር ስለዚህ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ዕድሜ የነርቭ ጉዳቱ የሚሻሻልበትን መጠን አልቀነሰውም፤ የቀነሰው ያ መሻሻል ወደ ዕለታዊ ኑሮ የሚለወጥበትን አቅም ነው። አንጎሉ እንደ ወጣቱ ይመለሳል፤ ጉልበቱ፣ ዓይኑ፣ ልቡና ድፍረቱ ግን አብረው አይመለሱም። በተደራጀ የስትሮክ ክፍል መታከምም ሞትንና ጥገኝነትን የሚቀንሰው ለወጣቱም ለአረጋዊውም ነው። ስለዚህ ዕድሜ ሥራውን የሚያከብድ እንጂ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። በእኛ ሆስፒታሎች ደግሞ ስትሮክ የሚመታው ሰው አማካይ ዕድሜ ከበለጸጉት አገሮች ያነሰ ነው፤ ብዙዎቹ ጡረታ በሚወጡበት ዘመን ወይም ከዚያ በፊት የሚመቱ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው።

ሦስት ወር ወይስ ዕድሜ ልክ?

ይኸው የኮፐንሃገን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ውጤት፣ ከታማሚዎቹ 95 በመቶው የሚደርሱበትን የመጨረሻ አቅም በ13 ሳምንት ውስጥ ደርሰውበታል አለ። ከዚያ ወዲህ «ሦስት ወር» የሚለው ቁጥር ከዓለም የሕክምና ክፍሎች ሁሉ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ያህል ሆነ። የሚቃወሙት የሚያነሱት ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም፦ ሰዎቹ መሻሻል ያቆሙት አንጎላቸው ስለደከመ ነው ወይስ ሕክምናው ስለቆመ?

ማስረጃው ለሁለቱም ወገን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ለ72 ታማሚዎች 20 ሰዓት ተጨማሪ የእጅ ልምምድ በተለያየ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የተሰጠው መሆኑን አገኘ፤ ከስድስት ወር በኋላ የተሰጠው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በለንደን ኩዊን ስኩዌር ደግሞ ስትሮክ ከመታቸው አማካይ 18 ወር ያለፋቸው 224 ሰዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ 90 ሰዓት ሠልጥነው ግልጽ መሻሻል አሳዩ፤ ከስድስት ወር በኋላም አልጠፋም። ሁለተኛው ጥናት ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ 90 ሰዓት ደግሞ ከ20 ጋር አይወዳደርም። እንግዲህ የማገገሚያው መስኮት በሦስት ወር አይዘጋም፤ ይጠባል፤ በጠበበው መስኮት ለማለፍም ብዙ እጥፍ ሥራ ይጠይቃል ማለቱ ለእውነት የሚቀርብ ይመስለኛል።

በተቃራኒው ጫፍ «ቶሎ ካልተነሳ ይቀራል» የሚል ጥድፊያ አለ። አቨርት የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት 2,104 ታማሚዎችን አካትቶ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ደጋግሞ ከአልጋ ማንሳትን ከተለመደው አያያዝ ጋር አወዳደረ። በሦስተኛው ወር ደህና ሆነው የተገኙት ቶሎ ከተነሱት ወገን 46 በመቶ፣ ከሌላው 50 በመቶ ነበሩ። ቶሎ ማንሳት ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ማዋከብ ግን ይጎዳል።

ዘዴው ወይስ ብዛቱ?

ለአሥርት ዓመታት ፊዚዮቴራፒስቶችን የከፋፈለው ክርክር ስለ ዘዴ ነበር። በርታና ካሬል ቦባት የተባሉ ባልና ሚስት በለንደን ያዳበሩት ትምህርት፣ የተዛባ እንቅስቃሴ እንዳይለመድ ባለሙያው በእጁ እየመራ ትክክለኛውን እንዲያስተምር ያዛል። ሌላው ወገን ታማሚው መሥራት የሚፈልገውን ነገር ራሱን ይለማመድ ይላል፤ መቆም ከፈለገ ይቁም፣ ጽዋ ማንሳት ከፈለገ ያንሳ። ማነጻጸሪያ ጥናቶች የቦባትን ብልጫ አላሳዩም።

ከዚያ ኤድዋርድ ታውብ የሚባል ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ከሠራው ጥናት ተነስቶ ደህናውን እጅ ማሰር የሚል ሐሳብ አመጣ። በአሜሪካ 222 ታማሚዎች ለሁለት ሳምንት ደህናው እጃቸው በጓንት ተይዞ የተጎዳውን ሲያሠሩ ውጤቱ ዓመት ሙሉ ቆየ። ነገር ግን ለዚህ የሚመረጠው የእጅ አንጓውንና ጣቶቹን ትንሽም ቢሆን መዘርጋት የሚችል ሰው ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ የላላ እጅ ያለውን ሰው ደህናውን ማሰር ቅጣት እንጂ ሕክምና አይደለም።

ሮቦቶችም መጡ። በእንግሊዝ 770 ታማሚዎች የተሳተፉበት የእጅ ሮቦት ጥናት ከተለመደው አያያዝ የተሻለ የእጅ አገልግሎት አላስገኘም። በአሜሪካ 408 ሰዎችን ያካተተው የእግር ጉዞ ጥናት ደግሞ በመታጠቂያ ተንጠልጥሎ በትሬድሚል ላይ የሚደረግ ልምምድ ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ ከሚያሠራው ተራ እንቅስቃሴ እንደማይበልጥ አሳየ። ይህን ለእኛ አገር እንደ መጽናኛ መቁጠር ይቻላል፤ የጎደለን ማሽን አይደለም።

የጎደለው ምንድን ነው? በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ያልተወራላት አንዲት ትንሽ ጥናት አለች። ተመራማሪዎች በሰሜን አሜሪካ 312 የተሐድሶ ክፍለ ጊዜዎችን ተቀምጠው ቆጠሩ፦ ታማሚው በአንድ ቀጠሮ የተጎዳውን እጁን ለአገልግሎት የሚያንቀሳቅሰው በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ነበር። በእንስሳት ላይ አንጎል መለወጡ የታየው ግን በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። ባለሙያና መሣሪያ በሞላበት አገር 32 ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን በታክሲ የሚመላለስ የቂርቆስ ታማሚ በክፍለ ጊዜ ብቻ አይድንም። ድግግሞሹ የሚሞላው ቤት ውስጥ ነው፤ አለዚያ አይሞላም።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ደግሞ ረቂቅ ነገር አይደለም። ከወንበር መነሳትን እንውሰድ። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፋል። ታማሚው ወደ ፊት ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም እግሮች ከጉልበት ወደ ኋላ ገባ ይላሉ፤ የተጎዳው እግር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይታያል። ከዚያ ደረታቸውን ወደ ፊት አጎንብሰው፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ ሲደርስ ይነሳሉ። አስታማሚው የሚቆመው በተጎዳው ጎን ነው፤ የሚይዘውም ወገብ ወይም መቀነት ነው። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ሁለት ሰው በብብት ሥር ገብቶ ወደ ላይ መጎተት ነው። የላላው ጡንቻ የትከሻውን አጥንት በቦታው መያዝ ስላቃተው ጉተታው መጋጠሚያውን ያወልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም እጁን ለማሠራት የነበረውን ተስፋ ይዘጋዋል። ጠዋት አሥር፣ ከሰዓት አሥር፣ ማታ አሥር ጊዜ በትክክል መነሳት ከብዙ ማሳጅ ይበልጣል። የእኛ ዝቅተኛ መደብና በርጩማ ለዚህ አይመችም፤ መጀመሪያ ከፍ ያለ ወንበር ወይም ፍራሽ የተደረበበት አልጋ ይፈለጋል።

ጸበል፣ ወጌሻ፣ ፍልውሃ

ቤተሰብ ሆስፒታሉን ብቻ አይዝም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. የሰፈሩበትና ከተማዋ የተመሠረተችበት ፍልውሃ ዛሬም ጎናቸው የተያዘ ሰዎች ተደግፈው የሚገቡበት ነው። ሙቅ ውሃ የተኮማተረ ጡንቻን እንደሚያላላ፣ ሕመምን እንደሚያበርድ ሐኪሞችም አይክዱም፤ ውሃ ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ በበለጸጉት አገሮችም የታወቀ የተሐድሶ ዘዴ ነው። ልዩነቱ መዘፍዘፍና መንቀሳቀስ ነው። የተዘፈዘፈ እግር ይላላል እንጂ መራመድ አይማርም። ስሜቱ የጠፋ ቆዳ ቃጠሎን እንደማያውቅ፣ ከሙቅ ውሃ ድንገት ሲነሱ የደም ግፊት እንደሚወርድና ሰው እንደሚወድቅም መታወቅ አለበት።

ወጌሻውም አንድ ዓይነት አይደለም። ለስላሳ ማሸት የሚያረጋጋ ነው፤ የላላ ትከሻን «ወልቋል» ብሎ መሳብና ማሰር ግን ከላይ ያልነውን ጉዳት ያመጣል።

ስለ ጸበል የሚነሳው ክርክር ሃይማኖትና ሕክምና ተፋጠጡ ተብሎ ሲቀርብ እውነቱን ይስታል። ተስፋ፣ ከቤት የመውጣት ምክንያት፣ ከሰው ጋር መዋል ለታማሚ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉን የመንፈስ ጭንቀት እንደሚይዛቸው ከታወቀ ቆይቷል። አደጋው ያለው የደም ግፊት ኪኒን በሚቋረጥበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፕሮግረስ የተባለ ጥናት 6,105 ስትሮክ የመታቸው ሰዎችን ተከታትሎ የግፊት መድኃኒት ዳግመኛ ስትሮክን በ28 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሁለተኛው ስትሮክ የወራት ልፋትን በአንድ ሌሊት ያጠፋል። ይህ ቅራኔ መፍትሔ የሌለው አይደለም፤ በኤችአይቪ ዘመን የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ አስተምረዋል። ያ ድምፅ ለደም ግፊትም ቢደገም ብዙ ሰው ይተርፋል።

ቤተሰብ ፊዚዮቴራፒስት ይሆናል?

እዚህ ላይ ማስረጃው ያልተጠበቀ አቅጣጫ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ 300 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት አስታማሚን ማሠልጠን ወጪን እንደሚቀንስ፣ የታማሚውንም የአስታማሚውንም ኑሮ እንደሚያሻሽል አሳየ። ሁሉም ተደሰተ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ሐሳብ በ36 የእንግሊዝ የስትሮክ ክፍሎች በ928 ጥንዶች ሲሞከር ምንም ልዩነት አልታየም። ለእኛ የቀረበው ደግሞ የሕንዱ አቴንድ ነው፤ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታማሚዎች፣ ግማሾቹ ቤተሰባቸው በባለሙያ ሠልጥኖ ቤት ውስጥ እንዲያሠራቸው ተደረገ። በስድስተኛው ወር በሞትም በጥገኝነትም ልዩነት አልነበረም።

ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ብዙዎች «የቤተሰብ ተሐድሶ አይሠራም» ብለው ደመደሙ። ድምዳሜው ቸኩሏል። የሕንዱ ጥናት ማነጻጸሪያ ቡድን የተለመደ አያያዝ ያገኝ ነበር፤ ቤተሰቡም ሳይሠለጥን ያስታምም ነበር። ጥናቱ የመለሰው «አጭር ሥልጠና በተለመደው ላይ ሲጨመር ይጠቅማል ወይ?» የሚለውን ነው። «ምንም ከሌለበት ቦታ የሠለጠነ ቤተሰብ ይሻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም ክፍት ነው። የተለካውም ሞትና ጥገኝነት ነው። የአልጋ ቁስልን ለመከላከል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አጥሚትና ሾርባ ተኝቶ ላለ ሰው አለመስጠት፣ አስቀምጦ በትንሽ በትንሹ መመገብ፣ ትከሻ አለመጎተት የሚሉት ጉዳት መከላከያዎች ትንሽ ሥልጠና ይጠይቃሉ። ተኝቶ የተመገበ ታማሚ ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ በሳንባ ምች ሊሞት ይችላል፤ ይህን ለማስተማር ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

«ቤተሰብ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ነገር ይሸፍናል። በተግባር አስታማሚዋ ሚስት፣ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ አቅም ባለበት ቤት ደግሞ ከገጠር የመጣች ወጣት ሠራተኛ። ከባድ ሰው የምታነሳው እሷ ናት፤ ሆስፒታል መመሪያ ሲሰጥ ግን የሚጠራው ሒሳብ የሚከፍለው ወንድ ልጅ ነው። ሥልጠና ይሰጥ ከተባለ መጀመሪያ የሚታረመው ይህ ነው። ማንም የሌላቸው ደግሞ መቄዶንያን ወደመሳሰሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላት ይገባሉ፤ በዚያ ያለው ሰብአዊነት ትልቅ ነው፤ የልመና በጀት ግን ለእያንዳንዱ ሰው በቀን መቶ ድግግሞሽ አያሠራም።

ከቤተሰብ ቀጥሎ እድር አለ። በኤችአይቪ ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው ቤት ለቤት ማስታመም ውስጥ ገብተው ነበር። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየቤቱ ይሄዳሉ፤ ግፊት ይለካሉ። ሁለቱ መዋቅሮች ተሐድሶን ተሸክመው ባያውቁም አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልጋቸውም። ሆኖም እድር ጎረቤትን ይፈልጋል፤ ጎረቤት ደግሞ ሰፈርን።

ሰፈር ሲነሳ

የድሮው ካዛንቺስ ለታማሚ ገነት አልነበረም። የጋራ ሽንት ቤቱ ግማሽ ጎኑ ለተያዘ ሰው ቁጢጥ ማለት የማይቻልበት ነበር፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ክረምት ሲገባ ጭቃ፣ በጋ ሲሆን ድንጋይ ነበር። አዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለከዘራና ለዊልቸር እንደሚሻሉ መካድ አይቻልም። ነገር ግን የቀበሌው ቤት መሬት ላይ ነበር። አዛውንቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ ነበር፤ አላፊው ሁሉ «እንዴት አደሩ?» ይል ነበር፤ መልስ መስጠት ለተያዘ አንደበት ልምምድ ነው። ዘውዲቱ በአጭር ታክሲ ይደረስ ነበር። ጎረቤት ግማሽ ሰዓት ይጠብቃቸው፣ ልጅቷም ገበያ ደርሳ ትመጣ ነበር።

ዝውውሩ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነካቸው። በከተማዋ ዳርቻ ያለው ቤት ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ሽንት ቤት ይኖረዋል። ግን ለፊዚዮቴራፒ መመላለሻው ሲረዝም ቀጠሮው ይቀራል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ላይ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተይዟል፤ ዕጣው ከወጣ ከዓመታት በኋላ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትሮክ ለሚመታው ሰው ግን ይህ ኮታ አይደርስለትም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። አዛውንቱ ቀኑን የሚውሉት ግን በሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ መራመድ የጀመረ ሰው ደረጃውን ስለሚፈራ መራመዱን ያቆማል፤ ያቆመው ደግሞ ይጠፋል። ሆስፒታሉ ይህን «ሕክምናው አልሠራም» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

ሰፈር የሚያነሳ አካል ቤት ሲቆጥር የአልጋ ቁራኛ ወይም በከዘራ የሚሄድ ሰው ያለበትን ለይቶ መመዝገብና ምድር ቤት፣ ጤና ጣቢያ አጠገብ መስጠት ይችላል። ወጪው ትንሽ ነው። በየጤና ጣቢያው በሳምንት አንድ ቀን የሚቀመጥ ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ ለመታሸት የሚመጡትን ሳይሆን የሚያስታምሙትን ሴቶች ቢያሠለጥን በዚያች ቀን የብዙ ቤቶችን ሳምንት ይቀይራል። በየትኛው ዘዴ፣ እስከ መቼ፣ ቤተሰብ ምን ያህል ይተካል የሚሉት ክርክሮች ገና ይቀጥላሉ። ድግግሞሽና ደም ግፊት ላይ ግን ክርክር የለም።

ስለዚህ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ከሆስፒታል የምታወጡ ሰዎች፣ «ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋቸዋል» በሚለው ቃል ብቻ አትሂዱ። ግፊታቸው ከስንት እንዳይበልጥ፣ ቤት ውስጥ የትኛውን እንቅስቃሴ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠሩ፣ እንዴት ተቀምጠው እንደሚመገቡ በወረቀት አጽፉ። በእጇ የምታነሳቸውን ሰው ይዛችሁ ግቡና ባለሙያው ፊት አንድ ጊዜ ታንሳቸው።